ለፍሪጅ የመጡ ሽማግሌዎች

ያላገባች ሴት የሕዝብ ንብረት ናት! አትከራከሩኝ። የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር በሉኝ፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አረፍ ይልብኛል። ባለትዳሯን ሴት ሰው ሲያማት እንኳን ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እኔን ግን ፊት ለፊት ነው! ቤተክርስቲያን በር ላይ ያገኘኝ፣ ግሮሰሪ ውስጥ የበርበሬ መደርደሪያ ሥር ያገኘኝ፣ ሊፍት ውስጥ አብሮኝ የተዘጋበት ሁሉ «እንደምን ነሽ?» ካለኝ በኋላ ቀጥሎ የሚያነሳው ስለ ባል ነው። «ምነው እስካሁን?» ይሉኛል። ምነው ማለት ምን ማለት ነው? አውቶቡሱ አመለጠኝ ልበል?

ትዕግስት እባላለሁ። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ አሁን ትዕግስት ያለቀባትም እሷው ናት። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን እንኖራለን። ኮንዶው በስሜ ነው፤ አዛዡ ግን እሷ ናት። ዕድሜዬን አልነግራችሁም። ከፈለጋችሁ እናቴን ጠይቋት፤ ለማንም ትናገራለች... ትንሽ ቀንሳ። የምትቀንሰው ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ ስለሄደ፣ ሰሞኑን ከታናሽ ወንድሜ በታች እንዳልሆን እየፈራሁ ነው።

ሥራዬ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የምግብ ቤቶች ጤና ተቆጣጣሪ ነኝ። ይህ ማለት፣ ማንም ሳይጠራኝ ምግብ ቤት እገባለሁ፣ ኩሽና ዘልቄ ድስት እከፍታለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞሜትር እሰካለሁ፣ ከምድጃው ኋላ ባትሪ አበራለሁ። እወደዋለሁ ሥራዬን! እማዬ ግን ሰው «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲላት «የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ትልና ቶሎ ብላ ስለ አየሩ ታወራለች።

«የሰው ድስት ስትከፍቺ እንደምትውዪ ወንድ ከሰማ ማን ያገባሻል?» ትለኛለች። «ቤቱን ልትፈትሺ የመጣሽ ነው የሚመስለው!»

እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጊዜ አርሊንግተን የሚሠራ ኢንጂነር እራት ጋበዘኝ። መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ከመኪና ወርዶ በር የሚከፍት ዓይነት። ምግብ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አስተናጋጇ አየችኝና ትሪዋን ያገኘችበት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ማናጀሩ ላብ በላብ ሆኖ ብቅ አለ። ምግብ አብሳዩ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። አንዱ ዕቃ አጣቢ ጭራሽ ሽርጡን ጥሎ በኋላ በር ወጣ። እኔም ለማረጋጋት ብዬ «አይዟችሁ፣ ዛሬ ለሥራ አይደለም የመጣሁት» አልኩ። ኢንጂነሩ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ቆይ... አንቺ ኢሚግሬሽን ነሽ እንዴ?»

ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። እስካሁን እየታጠበ ነው።

እማዬ ግን በቀላሉ ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም። እሷ በእራት ግብዣም፣ በስልክ አፕም አታምንም። እሷ የምታምነው በሽማግሌ ነው። ለእሷ ሴት ልጅ ተጠየቀች የሚባለው፣ የተከበሩ ሰዎች ከቤት መጥተው፣ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» ብለው ሲቆሙ ብቻ ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ ኮራ ማለት አለበት። «እስቲ እናስብበት፣ ዘመድም እንጠይቅ» ብሎ በቀጠሮ መመለስ አለበት። ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ለዘነበች በስልክ ስታስጠናት ሰምቻለሁ፤ ማን ምን እንደሚል፣ ማን ቆጣ እንደሚል፣ ማን እንደሚለሳለስ ሁሉ ተከፋፍሎ አልቋል። የቀረው ሽማግሌ ብቻ ነበር።

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ሳሎናችን ለዚያ ቀን እንደተዘጋጀ ነው። መደገፊያቸው ረዣዥም የሆኑ ወንበሮች አስገዝታኝ፣ በመስኮቱ በኩል ደርድራ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳቸዋለች። ማንም አይቀመጥባቸውም! የቧንቧ ሠራተኛ ጫማውን ሊያስር አንዱ ላይ አረፍ ሊል ሲል «ኖ! ኖ!» ብላ ስትጮህበት ደንግጦ መፍቻውን እግሩ ላይ ጣለው።

«ምንድነው ችግሩ?» አለኝ እያነከሰ።

«ለእንግዳ የተያዘ ነው።»

«እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን እኛም እየጠበቅን ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ደረጀ የሚባል ሰው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምግብ ቤት አለው። በክትፎው ስም ያወጣ ነው። እኔም እንደማንኛችሁም ክትፎ እወዳለሁ፤ ግን ጥሬ ሥጋ የሚያድርበት ፍሪጅ መቀዝቀዝ አለበት። የደረጀ ፍሪጅ ለብ ብሎ ነበር! በሩን ስከፍተው የሞቀ አየር ነው የተቀበለኝ። ቴርሞሜትሬን አውጥቼ አሳየሁት።

«እህቴ፣ ይሄ ፍሪጅ እኮ እንደኛው ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው» አለኝ።

«ሥጋው ግን ቀስ ብሎ አይበላሽም።»

«የአገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይና ቅመሺው፣ ከዚያ ትፈርጃለሽ።»

«አልቀምስም። ፍሪጁ እስኪሠራ ኪችኑ ይዘጋል።»

«ሰስፔንድ ልታደርጊኝ?! ዊኬንድ መጥቶብኝ?!»

«ሰስፔንድ አድርጌሃለሁ።»

የእገዳውን ማስታወቂያ በሩ ላይ ስለጥፍ፣ ምሳ የሚበሉት እንግዶች ሁሉ እየሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ባል ስለሌላት እኮ ነው! ንዴቷን እኛ ላይ ነው የምትወጣው!»

ሳቅ ሰማሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ጨካኝ ተብያለሁ፣ ባንዳ ተብያለሁ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ በእንጀራ ሌማት ክዳን ልትመታኝ ቃጥታለች። ያ ሁሉ ከጆሮዬ አልፎ አያውቅም። ይሄኛው ግን ልቤ ድረስ ገባ። አናደደኝ፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ አሳፈረኝ። ማስታወቂያዬን ቀጥ አድርጌ ለጥፌ፣ ቀጥ ብዬ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን እንባዬ መጣ። ድልድዩን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ አለቀስኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም። «ታዲያ ውሸቱን ነው?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ደረጀም ንዴቱ ሲበርድለት ደነገጠ። ፍሪጁ ቢሠራ እንኳን፣ ተመልሳ መጥታ የምታየው፣ የምትከፍትለትም ያችው ባል የሌላት ሴት ናት! ሌላ ሰው ቢሆን ለቢሮዬ ይቅርታ ብሎ ኢሜይል ይጽፋል፤ ወይም ጠበቃ ያማክራል። ደረጀ ግን የእኛ ሰው ነው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከ! አዎ፣ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ በፍሪጅ ጉዳይ፣ ሽማግሌ! ያውም ቢሮዬ አይደለም... እናቴ ቤት! ይህንን እናንተ አሁን አወቃችሁ። እኔና እማዬ ግን ምንም አናውቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ነው። እኔ በፒጃማ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ ካልሲ እያጣጠፍኩ ነበር። የታችኛው በር ተደወለ። እማዬ በኢንተርኮሙ «ማነው?» አለች።

«ሽማግሌዎች ነን።»

እማዬ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ፤ ከሻሼ እስከ ካልሲዬ።

«አምላኬ! በዛሬ ቀን በፒጃማ!»

ገፍትራ መኝታ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋችብኝ። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ስትንፏቀቅ የምትውለው ሴት፣ ሊፍቱ እኛ ፎቅ እስኪደርስ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በወንበሮቹ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ አቃንታ በር ላይ ቆማለች። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

ሦስት ነበሩ። ዋናው ጋሽ ይልማ ናቸው፤ እማዬ ከምትሄድበት ቤተክርስቲያን የምናውቃቸው፣ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ አንደበታቸው ቅቤ የሆነ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ክፍሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሆነው ገና በቅርብ መራመድ የጀመሩ። ሦስተኛው ሰውዬ ቁጥር ለመሙላት የመጡ ይመስለኛል፤ ራሳቸውን ከመነቅነቅ ሌላ ምንም አልተናገሩም። ሦስቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኛ ለብርቱ ጉዳይ ነው የመጣነው። የመጣንበትን እሺ ሳይሉን አንቀመጥም...»

«እሺ!» አለች እማዬ።

ጋሽ ይልማ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። «ገና ምኑን ተናገርነው?»

«መናገር ምን ያስፈልጋል? ይታወቃል! ተቀመጡ! ተፈቅዷል!»

ያ ሁሉ ጥናት የት ገባ? «እናስብበት»ስ? «ዘመድ እንጠይቅ»ስ? ለካ ይህን ያህል ዓመት ተጠብቆ የመጣ ሽማግሌ፣ «እናስብበት» ሲባል ቢያመልጥስ ብላ ፈርታለች። ጋሽ ክፍሌ ሁለተኛ እስኪባሉ አልጠበቁም፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ዘጭ አሉ። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ምንም አልሆነም፤ ለካ ወንበር ነው።

«ልጁ ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው?» አለች እማዬ፣ ለጋሽ ይልማ መተንፈሻ ሳትሰጥ።

«ልጁ ደረጀ ይባላል። አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት አለው። ግን ወይዘሮ አስካለ፣ ጉዳዩ...»

«ባለ ምግብ ቤት!»

«አዎ፣ ግን አሁን ችግር የሆነው ፍሪጁ ነው።»

«ፍሪጅ ደግሞ ምን ችግር አለው? እኛ ፍሪጅ አለን!»

እኔ መኝታ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ደረጀ! ፍሪጅ! ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ። ሻሼን ወርውሬ፣ ያገኘሁትን ቀሚስ ራሴ ላይ አጥልቄ ስወጣ እማዬ ሳሎን የለችም። ኩሽና ገብታ ውድብሪጅ ለምትኖረው አክስቴ ለዘነበች ደውላለች። ሹክ የምትል ይመስላታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

«ጋሽ ይልማ፣ ስለ እገዳው ነው አይደል የመጣችሁት?» አልኳቸው በቀስታ።

«አዎ ልጄ። ይቅርታ ጠይቁልኝ፣ ቶሎ መጥታ ፍሪጁን ትይልኝ ብሎ ነው የላከን። እናትሽ ግን... ምን መስሏቸው ነው?»

መልሱን እኔ መስጠት አላስፈለገኝም። ከኩሽና የእማዬ ድምፅ መጣ። «ዘነበች! ተጠየቀች! ልጄ ተጠየቀች! ሦስት ሆነው ቆመዋል! ምነው ዝም አልሽ፣ እልል በዪ እንጂ!» እልልታው በስልኩ መጣ። ከዚያ እማዬ ማልቀስ ጀመረች። ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ።

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ተመለሰች፤ የያዘችውን ብስኩት ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠች። ቀና ብላ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። «እንግዲህ ቃላችሁን ልስማ» አለች።

ጋሽ ይልማ እሷን አዩ። እኔን አዩ። እውነቱን መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ... የእማዬን ፊት አየሁና ዘጋሁት። ያ ፊት አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ የማውቀው ፊት ነበር፤ ሰው ሁሉ ምክር የሚጠይቃት፣ ሠርግ ያለ እሷ የማይደገስባት የወይዘሮ አስካለ ፊት። እዚህ ከመጣች ወዲህ ማንም መጥቶ ምንም ጠይቋት አያውቅም። ጋሽ ይልማም ያንኑ ያዩ መሰለኝ። ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለደረጀ እንዲሰጡልን ነው የመጣነው።»

«ፍሪጁስ?» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«ክፍሌ፣ ብስኩቱን ብላ!»

ጋሽ ይልማን በዚያች ሰዓት ልስማቸውም ላንቃቸውም ፈለግኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ስልኬ ጮኸ።

«ሀሎ፣ ትዕግስት ነሽ? ደረጀ ነኝ።»

«የቱ ደረጀ?»

«ባልሽ ነኝ መሰለኝ።»

ከዚያ ልቅሶ በሚመስል ድምፅ ቀጠለ። «እህቴ፣ ምን ብበድልሽ ነው? ይቅርታ ጠይቁልኝ ብዬ ብልክ አጭተውልኝ መጡ! ጋሽ ይልማን ኮል አድርጌ ‹እንዴት ሆነ?› ስላቸው ‹እንኳን ደስ ያለህ› ይሉኛል! እኔ እኮ ጓደኛ አለችኝ! ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው የምትኖረው! ከእኔ በፊት ነው የሰማችው!»

የአክስቴ ሥራ ነው። መኪና ከውድብሪጅ ተነስቶ ኮሎምቢያ ሃይትስ እስኪደርስ ትራፊክ ይፈጀዋል፤ የዘነበችን ወሬ ግን የሚያቆመው መብራት የለም።

የእኔም ጣጣ ቀላል አልነበረም። ከምቆጣጠረው ሰው ጋር ዝምድና ቢኖረኝ ለአለቃዬ መናገር ግዴታዬ ነው። አለቃዬ ብሬንዳ ትባላለች። ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞከርኩ፤ ለማንም አልመኝም።

«ልድገመው» አለች ብሬንዳ። «ሦስት አዛውንቶች በፍሪጅ ጉዳይ እናትሽ ቤት መጡ። እናትሽ ጉዳዩን ሳትሰማ እሺ አለች። አሁን አንቺ እጮኛ አለሽ።»

«አዎ።»

«ሰውዬውን ትወጂዋለሽ?»

«ኪችኑን ዘግቼበታለሁ።»

ብሬንዳ አየችኝና «እኔም ባሌን ሳላገባው በፊት እንደሱ ማድረግ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ የደረጀን ጉዳይ ከእኔ ወስዳ ለዳግላስ ሰጠችው።

ዳግላስን አታውቁትም፤ አትወቁት! ሲስቅ ያየው ሰው የለም። የገዛ እናቱን ኩሽና ዘግቷል እየተባለ ይወራል፤ እኔ አምናለሁ። በዚያው ሳምንት ደረጀ እንደገና ደወለ፤ እያንሾካሾከ ነበር።

«እህቴ፣ ሽንት ቤት ተደብቄ ነው የማወራሽ። ይሄ ሰውዬ ፍሪጁን አይቶ አልበቃውም፤ በርበሬውን በማጉያ መነጽር እያየ ነው! አንቺ ትሻይኛለሽ! እጮኝነቱ ይፍረስና አንቺው ተመለሺልኝ! ሽማግሌዎቹን መልሼ ልላክና ልጁ ትቶታል ይበሉ?»

«እንዳትሞክራት!» ጮኽኩበት።

አያችሁ፣ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። እማዬ ያን ሰሞን ሌላ ሰው ሆናለች። ቤተክርስቲያን ቀና ብላ ትገባለች፤ ጉልበቷን አታነሳም፤ ስልኩን ከመደወሉ ነው የምታነሳው። ሰውዬው ልጇን ትቷታል ከተባለ፣ ወይም ከዚያ የባሰ፣ ለፍሪጅ የመጣን ሽማግሌ ለልጇ ነው ብላ እልል አስባለች ከተባለ፣ ከሰው ፊት ትጠፋለች። ዘነበችም ብትሆን ይህንን በሕይወቷ ሙሉ አትረሳላትም። እማዬን እንደዚያ ከማያት ዳግላስን ባገባ ይሻለኛል!

«እምቢ የምንለው እኛ መሆን አለብን» አልኩት ደረጀን። «እማዬ ራሷ እምቢ ማለት አለባት።»

«እንግዲያው ስሜን አጥፊው!» አለኝ፣ ምንም ሳያመነታ። «ያጨሳል በያት! ጸጉሩ አልቋል በያት! ቁማርተኛ በይኝ! የፈለግሽውን በይኝ!»

ማታውኑ ጀመርኩ። እማዬ የቤተክርስቲያን ነጠላዋን እየተኮሰች ነው።

«እማዬ፣ ያ ደረጀ ያጨሳል አሉ።»

«ይተዋል።»

«ራሰ በራ ነው።»

«ደግ! ሻምፑ አይፈጅም።»

«ቁማር ይጫወታል።»

«ያሸንፋል?»

«እማዬ! ሌላ ሴት አለችው!»

ይሄ እንኳን እውነት ነበር። እማዬ ግን ካውያውን አላቆመችም። «አንቺን ሲያውቅ ይረሳታል» አለች።

«ሰው ደብድቦ ታስሮ ነበር!» ይሄኛውን ደረጀ አላዘዘኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት።

«ወንድ ልጅ እስኪያገባ ድረስ ምን የማያደርገው አለ?»

ደከመኝ። ከዚህች ሴት ጋር ማን ይችላል? ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና፣ ልነግራት ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሰድቦኛል፣ እማዬ። ፍሪጁ ሥጋ አላቀዘቅዝ ብሎ ኪችኑን የዘጋሁበት ቀን፣ እንግዶቹ ፊት፣ ‹ባል ስለሌላት ነው ንዴቷን እኛ ላይ የምትወጣው› ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

ካውያው ቆመ።

«ማንን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔን።»

«የኔን ልጅ? ሰው ፊት?»

«አንቺም እኮ በየቀኑ ትይኛለሽ።»

«እኔ እላለሁ!» ካውያውን ከነእንፋሎቱ ከፍ አደረገችው፤ ወደኋላ ሸሸት አልኩ። «እኔ እናትሽ ነኝ፣ ያማጥኩሽ እኔ ነኝ፣ ብል እኔ ነኝ የምል! እሱ ማን ሆኖ ነው? ሥጋ እንኳን ማቀዝቀዝ ያቃተው! ሳቁ? የሳቁት እነማን ናቸው? ለምን የዛኑ ቀን አልነገርሽኝም?»

«ታዲያ ውሸቱን ነው ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።»

እማዬ ካውያውን አስቀምጣ መጥታ፣ ራሴን ሆዷ ላይ አስደግፋ ፀጉሬን ደባበሰችኝ። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስ እያለኝ ነው ያለቀስኩት። ነጠላው በዚያ መሃል ጫፉ ተቃጠለ፤ እንደ ወትሮው ቢሆን ለሳምንት ይወራለት ነበር።

ከዚያ ስልኳን አንስታ ጋሽ ይልማ ጋ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ እንዲህ ኮርታ አይቻት አላውቅም።

«አቶ ይልማ፣ እንደምን አመሹ? ነገሩን በቤተሰብ ተመካከርንበት።» ቤተሰብ ማለት እኔ፣ እሷና ካውያው ነን። «አልተስማማንም። ልጃችን ገና ልጅ ናት። ለትዳር አልደረሰችም።»

በዚያኛው በኩል ሳል ተሰማ። ጋሽ ይልማ እኮ ሽበቴን በቀን ብርሃን፣ ያለ ሻሽ አይተውታል!

«እውነትዎን ነው፣ ወይዘሮ አስካለ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ናት። የቸኮልነው እኛ ነን።»

እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።

ደረጀ ከኮሎምቢያ ሃይትሷ ልጅ ጋር ታርቋል። ኪችኑም ተከፍቶለታል፤ እኔን ግን መልሶ አላገኘኝም። ብሬንዳ «አንድ ጊዜ እጮኛሽ ነበር» ብላ ጉዳዩን ዳግላስ ጋ ተወችው። ፍሪጁ አሁን ሳይቤሪያ ነው አሉ፤ ሥጋ ቆራጩ ጓንትና ኮፍያ አድርጎ ነው የሚገባው።

እማዬማ አትጠይቁኝ! በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም። «ሽማግሌ መጥቶላት ነበር፤ እምቢ አልን።» «ምነው?» ሲሏት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ ታደርግና «አልወደድነውም» ትላለች። ባለ ምግብ ቤቱን መለሱት የሚለው ወሬ በዘነበች በኩል ዞሮ እኛው ጋ ሲመለስ፣ ደረጀ ሦስት ምግብ ቤትና አንድ ሆቴል ኖሮት አገኘሁት። «ምነው እስካሁን?» ይሉኝ የነበሩት ሴቶች አሁን ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች እያዩ «እሷማ ትመርጣለች» ይሉኛል። ቁልቁል ሲያዩኝ የነበሩት ሰዎች ሽቅብ ያዩኝ ጀመር፤ እኔ ግን ያው እኔ ነኝ፣ የሰው ድስት ከፋቿ።

ባለፈው ሐሙስ እማዬ ስልክ ላይ ነበረች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አልሰማሁም መስያለሁ።

«እሺ... እሺ እመቤት... እናስብበታለን። ዘመድም መጠየቅ አለብን። አይ፣ እኛ የምንጣደፍበት ነገር የለም» አለችና ዘጋች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ማር የቀመሰ ሰው ደስታ ነው። ሴትዮዋ እምቢ ማለት ጣማት!

«ማናት?» አልኳት ቢላዋዬን ሳላቆም።

«አንዲት የአርሊንግተን ሴት ናት። ለልጇ ሽማግሌ ልላክ ወይ ትላለች። የጥርስ ሐኪም ነው አለች።»

«የጥርስ ሐኪም?»

«አዎ። ሥራሽንም ሰምቶ፣ ንጹሕ ሴት ናት ማለት ነው ብሎ ወደደው አሉ።»

ቢላዋው ቆመ። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ፎቶ አልላከችም?»

«ላኪ አላልኳትም።»

«ታዲያ መቼ ነው መልሰሽ የምትደውዪላት? ዛሬ አትደውዪላትም?»

እማዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ምን አስቸኮለሽ?»